ምዕራፍ ሰባት፦ የተጣለ ዕቃ ጠፈር ሲወጣ

በ1977 የታየው «ስታር ዋርስ» ፊልም ገና ሲጀምር አንዲት መርከብ እየተተኮሰባት ከተመልካቹ ራስ በላይ ሸሽታ ታልፋለች። ከኋላዋ አንድ ሹል አፍንጫ ብቅ ይላል። አፍንጫው ይሰፋል፣ ሆዱ ይረዝማል፤ አለቀ ሲሉት ገና ይመጣል፤ አሳዳጁ መርከብ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። በታሪኩ መሠረት ይህ የጦር መርከብ 1,600 ሜትር ይረዝማል። ለዚያ ፊልም የተሠራው ሞዴል ግን 91 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የምትሸሸው መርከብ ዋና ሞዴል ደግሞ ወደ 2 ሜትር ይጠጋ ነበር። በሸራው ላይ ትንሽ ሆና የምትታየው፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ከአሳዳጇ በእጥፍ ትበልጥ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ተመልካቹን ያስደነገጠው ግዝፈት ከሞዴሉ መጠን የመጣ አይደለም። የመጣው በሞዴሉ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ከተለጠፉ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ነው። ቁርጥራጮቹም ለጠፈር መርከብ ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። ከመጫወቻ ታንክ፣ ከመጫወቻ መድፍ፣ ከመጫወቻ አውሮፕላን ካርቶን የተለቀሙ ናቸው። ይህ ምዕራፍ የሚያስረዳው ይህን ጥበብ ነው፦ ለሌላ ሥራ የተሠራ፣ የተረፈ ወይም የተጣለ ዕቃ እንዴት ተመርጦ፣ ማንነቱ ተሰውሮ፣ በአዲስ ቦታ አዲስ ሥራ እንደሚይዝ። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህል ሰው

ስሌቱን እንሥራ። 1,600 ሜትር በ91 ሳንቲ ሜትር ሲወከል ሞዴሉ ከታሰበው መርከብ 1,750 ጊዜ ገደማ ያንሳል። በዚህ ልኬት የጎልማሳ ሰው ቁመት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በር ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ መስኮት ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አይሞላም።

ዓይናችን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚገምተው በአጠገቡ ካለ ከሚያውቀው ነገር ጋር እያስተያየ ነው፤ ከሰው፣ ከዛፍ፣ ከቤት። በጠፈር እነዚህ የሉም። በምድር ላይ ሩቅ ተራራ በጭጋግ ስለሚደበዝዝ ርቀቱን እንረዳለን፤ ጠፈር ግን አየር ስለሌለው ይህም ምልክት የለም። ለዓይን የሚቀረው ብቸኛ ማስረጃ የመርከቡ ገጽ ነው። በሞዴሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የዶለዶመ ጠርዝ በእጅ ሲዳሰስ ስለት ይመስላል። በዚያ ልኬት ሲሰላ ግን ዱልዱምነቱ 88 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ ያለው መርከብ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ተመልካቹ ይህን አያሰላም፤ ዓይኑ ግን ወዲያው «አሻንጉሊት ነው» ብሎ ይፈርዳል።

በተቃራኒው ገጹ ላይ ቱቦ፣ ክዳን፣ ፍርግርግ፣ መቀርቀሪያና ብሎን የሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን ቅርጾች ካሉ ዓይን ሌላ ግምት ይወስዳል። እያንዳንዱ ቅርጽ ሰው የሚጠግነው፣ ሰው የሚከፍተው ነገር ስለሚመስል ሰውየው ባይታይም መጠኑ ይታሰበናል። ሞዴል ሠሪዎች እነዚህን ጥቃቅን ጭማሪዎች «ግሪብል» ይሏቸዋል። አንድ መርከብ በሺህ የሚቆጠር ግሪብል ሊፈልግ ይችላል። ሁሉንም በእጅ ልቅረጽ የሚል ሰው ፊልሙ ሳይወጣ ያረጃል። መፍትሔው ሌላ ሰው ቀርጾ የጨረሰውን መውሰድ ነበር።

ታንኩ ለምን መርከብ ሆነ

በዓለም ገበያ የፕላስቲክ ሞዴል በካርቶን ተበታትኖ ይሸጣል፤ ገዢው እያጣበቀ ይገጣጥመዋል። ይህ «ኪት» ይባላል። የጃፓኖቹ ታሚያና ሃሴጋዋ፣ የእንግሊዙ ኤርፊክስ፣ የአሜሪካኖቹ ሬቬልና ሞኖግራም በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው። ኪቱ የሚሠራው ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ሲገባ ነው። የብረቱ ቅርጽ በጥንቃቄ ስለሚፈለፈል ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ብሎን ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል። በ1 ለ35 ልኬት የተሠራ የታንክ ኪት አንድ ሜትሩን ከ3 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ስፋት ያስቀምጣል፤ በዚያች ስፍራ ላይ የጎማው ቀለበት፣ የጎማው ብሎኖች፣ የጭስ ማውጫው፣ የነዳጅ ክዳኑ ሁሉ አሉ።

ጊዜ መቆጠቡና ጥራት ማግኘቱ ግልጽ ጥቅም ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱም ይጠልቃል። የታንክ ጎማ ሲነደፍ መሐንዲሱ ስለ ውበት አልተጨነቀም። ክብደት የሚሸከምበትን፣ ጭቃ የሚያራግፍበትን፣ ሲበላሽ የሚፈታበትን መንገድ ነው ያሰበው። ቀዳዳው እዚያ የሆነው ክብደት ለመቀነስ ነው፤ ብሎኖቹ በክብ የተደረደሩት ጫና ለማከፋፈል ነው። ኪቱ ያንን ጎማ አሳንሶ ሲቀዳ ሐሳቡንም አብሮ ይቀዳዋል። እንግዲህ ይህ ጎማ ከታንኩ ተነጥሎ በአንድ መርከብ ጎን ላይ ሲለጠፍ ተመልካቹ ጎማነቱን ይረሳል፤ «ይህ ነገር አንድ ሥራ አለው» የሚለው ስሜት ግን ይቀራል። ሠዓሊ ከራሱ አእምሮ ብቻ ማሽን ሲፈጥር ብዙ ጊዜ ጌጥ ይወጣዋል። ሥራ ላይ የዋለ ቅርጽ ግን የሠሪውን ችግር ተሸክሞ ይመጣል። የዚህ ጥበብ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፦ የተለቀመ ዕቃ የሚያሳምነው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በእርግጥ የታሰበበት ስለሆነ ነው።

ከስላው እስከ ቫን ናይስ

ዘዴው በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1960ዎቹ ከለንደን በስተምዕራብ በምትገኘው ስላው ከተማ የጄሪ አንደርሰን ኩባንያ ለቴሌቪዥን የአሻንጉሊት ተከታታይ ድራማዎች ይሠራ ነበር። ከነዚህ ዝነኛው በ1965 መታየት የጀመረው «ተንደርበርድስ» ነው። የስፔሻል ኢፌክት ኃላፊው ዴሪክ ሜዲንግስ በየሳምንቱ አዲስ ተሽከርካሪ፣ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ፍንዳታ ማቅረብ ነበረበት። ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረ ቡድኑ የኪት ቁርጥራጭንና የቤት ዕቃን እያዋሐደ መሥራት ጀመረ። የአንደኛዋ ሮኬት መነሻ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሎሚ መጭመቂያ ተለጥፎ የማሽን አካል ሆኖ ታይቷል። ሜዲንግስ በኋላ በ1978ቱ «ሱፐርማን» ለሠራው ሥራ ኦስካር ተሸልሟል።

ከዚያ ቤት የወጣው ብራያን ጆንሰን በስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ የጠፈር ጉዞ» ላይ ሠራ። በ1968 የወጣው ይህ ፊልም ሞዴልን በትልቁ ያሰበ ነበር፤ «ዲስከቨሪ» የተባለችው መርከብ ዋና ሞዴል ርዝመቷ 16 ሜትር ገደማ ነበር። በነጭ ገጿ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ቅርጾች በብዛት ከኪት ካርቶኖች የወጡ ናቸው። ጆንሰን ከዚያ በኋላ «ስፔስ 1999» ለተባለው ተከታታይ «ንስር» የተባለችውን መንኮራኩር ነደፈ፤ ቀጥሎም በ«ኤሊየን»ና በሁለተኛው «ስታር ዋርስ» ሥራው ሁለት ጊዜ ኦስካር ወሰደ።

በ«2001» የሠራው ሌላው ወጣት አሜሪካዊ ዳግላስ ትራምቡል በ1972 የራሱን ፊልም «ሳይለንት ራኒንግ»ን አወጣ። «ቫሊ ፎርጅ» የተባለችው መርከቡ 8 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበራት፤ ለገጿም ወደ 650 የሚጠጉ ኪቶች ተበታትነዋል። ስሟም የራሱ ታሪክ አለው። የመርከቧ የውስጥ ክፍል የተቀረጸው «ቫሊ ፎርጅ» በተባለ እውነተኛ የአሜሪካ የአውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ውስጥ ነው፤ መርከቡ ከአገልግሎት ወጥቶ ለቁርጥራጭ ሊሸጥ የተቃረበበት ወቅት ነበር። ሞዴሉ ከተበተኑ ኪቶች ተሠራ፣ የውስጥ ክፍሉም ሊበተን ከተቃረበ መርከብ ተገኘ።

ከትራምቡል ጋር የሠራው ጆን ዳይክስትራ በ1975 ጆርጅ ሉካስ ለ«ስታር ዋርስ» ያቋቋመውን አዲስ የስፔሻል ኢፌክት ክፍል እንዲመራ ተጠራ። ክፍሉ «ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ» ተባለ፤ የጀመረው በካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ውስጥ በሚገኝ ባዶ መጋዘን ነበር። የሞዴል ክፍሉን ግራንት ማኪዩን መራው። እንደ ሎርን ፒተርሰን ያሉ ወጣቶችም ገቡ። እውቀቱ ከስላው ወደ «2001»፣ ከዚያ ወደ ትራምቡል፣ ከዚያ ወደ ቫን ናይስ የሄደው በመጽሐፍ አይደለም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሠሩ ሰዎች እጅ ነው።

ሞዴሉ ደረጃ በደረጃ

ሥራው ከአጽም ይጀምራል። ካሜራው ሞዴሉን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከታች መያዝ ስላለበት፣ ሞዴሉም በብዙ አቅጣጫ በምሰሶ ላይ ስለሚሰካ፣ መሐሉ ላይ ጠንካራ የብረት አካል ይኖረዋል። መብራት ካለው ሽቦውና ማቀዝቀዣው በዚያ ያልፋል። በአጽሙ ላይ ትልቁ ቅርጽ በፕላስቲክ ሉህ ወይም በእንጨት ይሠራል። ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ከሩቅ የሚታየው ጥላ የማያምር መርከብ በአሥር ሺህ ግሪብል አይድንም።

የዚህ ምርጥ ምሳሌ በ«ስታር ዋርስ» የምትታየው መርከብ «ሚሌኒየም ፋልከን» ናት። የመጀመሪያው የፋልከን ንድፍ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ሞዴሉም ተሠርቶ ነበር። በዚያው ዘመን የወጣው «ስፔስ 1999» ላይ ያለችውን ንስር በጣም ስለመሰለ ተተወ። ንድፍ ሠሪው ጆ ጆንስተን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ክብ ቅርጽ አወጣ። የተተወው ሞዴል ግን አልተጣለም። ራሱ ተቀይሮ፣ በፊልሙ መክፈቻ ላይ የምትሸሸው መርከብ ሆነ። የአብራሪው ክፍልና የራዳር ሳህኑ ደግሞ ወደ አዲሷ ፋልከን ተዛወሩ። በዚህ ሙያ ውስጥ የራስ ሥራ እንኳ ቁርጥራጭ ይሆናል።

ትልቁ ቅርጽ ከተወሰነ በኋላ ገጹ በሰሌዳ ይከፈላል። እውነተኛ መርከብ ከብዙ የብረት ሰሌዳ ስለሚገጣጠም ቀጫጭን የፕላስቲክ ቁራጮች በተለያየ ውፍረት ይለጠፋሉ፤ መጋጠሚያቸውም ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚያ የግሪብል ተራ ይደርሳል። ሠሪው ቁርጥራጮቹን በዓይነት ለይቶ በትንንሽ ሳጥኖች ያስቀምጣል፤ ክቡን ከክቡ፣ ቱቦውን ከቱቦው፣ ፍርግርጉን ከፍርግርጉ። የሃሴጋዋ «ሊዮፖልድ» የተባለው በሐዲድ ላይ የሚሄድ የጀርመን መድፍ ኪት በብሎንና በደረጃ የተሞላ ስለሆነ ሞዴል ሠሪዎች አጥብቀው ይወዱት ነበር።

እዚህ ላይ ጀማሪን ከአዋቂ የሚለየው መለጠፉ አይደለም፤ አለመለጠፉ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥበቡ በጥለቱና በአንገቱ ላይ ሲሰበሰብ የሚያምረው የቀረው ነጭ ሆኖ ስለተተወ ነው፤ የመርከብ ገጽም እንዲሁ ነው። ግሪብሉ በሞተሩ ዙሪያ፣ በሰሌዳዎች መሐል ባለው ጉድጓድ፣ በመጋጠሚያው ላይ ይከማቻል፤ ሰፊው ሜዳ ባዶ ይሆናል። ዓይን ባዶው ላይ ያርፋል፣ የተጨናነቀው ላይ ይሠራል። ቱቦም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መድረስ አለበት። ከየትም ሳይመጣ የትም የሚቀር ቱቦ ውሸቱን ያወጣል።

አንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሲያስፈልግ በሲሊኮን ጎማ ቅርጹ ይወሰድና በሬዚን እየተቀዳ ይባዛል። በዚህ መንገድ አንድ ብርቅ ቁራጭ አንድ ሙሉ የመርከብ ጦር ያስታጥቃል።

የመጨረሻው ደረጃ ቀለም ነው። በመጀመሪያ የሚቀባው አንድ ወጥ ግራጫ የሁሉንም ቁራጭ የትውልድ ቀለም ያጠፋል፤ አረንጓዴው ታንክ፣ ነጩ አውሮፕላን፣ ጥቁሩ መኪና በአንድ ጊዜ አንድ አካል ይሆናሉ። ቀለም ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት የ1979ኙን «ኤሊየን» ማስታወስ ይበቃል፤ «ኖስትሮሞ» የተባለው መርከብ ሞዴል መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ግራጫ አስቀባው። ከግራጫው በላይ ቀጭን ጥቁር ቀለም በስንጥቆቹ ውስጥ ይፈስሳል፤ በደረቅ ብሩሽ ከፍ ያሉት ጠርዞች ይነጣሉ፤ የተፈጨ ጠመኔ የጥቀርሻና የዝገት ጅረት ይሆናል። ሉካስ የፈለገው ዓለም ከፋብሪካ ትናንት የወጣ አልነበረም፤ ሰው የኖረበት፣ የቆሸሸ፣ የተጠገነ ዓለም ነበር። ፋልከን የምትወደደው አዲስ ስላልሆነች ነው።

ከጄት ሞተር የወጣ ሰይፍ

የ«ስታር ዋርስ» ሞዴሎች በአሜሪካ ሲሠሩ ተዋናዮቹ የሚይዟቸው ዕቃዎችና የሚቀመጡባቸው ክፍሎች ከለንደን በስተሰሜን ባለው ኤልስትሪ ስቱዲዮ ይዘጋጁ ነበር። የክፍሎቹን ዕቃ የማሟላት ኃላፊነት የሮጀር ክርስቲያን ነበር። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ የአውሮፕላን ቁርጥራጭ ግን በዚያን ጊዜ በርካሽ ይገኝ ነበር። ክርስቲያን የጄት ሞተር ክፍሎችንና ቱቦዎችን እየገዛ፣ እያስበተነ፣ የፋልከንን ግድግዳ ሞላበት። በዚህ ሥራ እሱና ሦስት ባልደረቦቹ ኦስካር ተሸልመዋል።

የፊልሙን ጀግና የሉክ ስካይዎከርን የብርሃን ሰይፍ እጀታ ያገኘውም እሱ ነው። በለንደን የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ግራፍሌክስ የተባለ የድሮ የጋዜጠኛ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ዱላ አየ፤ ባትሪ የሚገባበት የብረት ዘንግ ነው። ጥቁር የጎማ ቁራጮችን ለመያዣ ለጠፈበት፣ ከሒሳብ ማሽን መስተዋት ላይ የወሰደውን የፕላስቲክ ቁራጭ አከለበት፤ ሰይፉ ተጠናቀቀ። የሉክ አስተማሪ የኦቢ ዋን ሰይፍ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። የሮልስ ሮይስ ደርዌንት ጄት ሞተር ቧንቧ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን በጠመንጃ የሚወነጨፍ ቦምብ፣ የመትረየስ ክፍል፣ የግራፍሌክስ ማሰሪያ፣ ከሥሩ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ እጀታ። የዚያው የደርዌንት ዓይነት ሞተር የነዳጅ ማቃጠያ ክፍል በሁለተኛው ፊልም «አይጂ 88» የተባለው ሮቦት ራስ ሆኗል። ከአንድ የሞተር ዓይነት የመነኩሴ ተዋጊ ሰይፍና የነፍሰ ገዳይ ሮቦት ራስ ተገኘ።

መኪናም አልቀረም። ሉክ በበረሃው ላይ የሚንሳፈፍባት ተሽከርካሪ የተሠራችው «ቦንድ በግ» በተባለች ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ትንሽ መኪና ሻሲ ላይ ነው። በ1980 በወጣው በዚሁ ሁለተኛ ፊልም ከከተማ ሲሸሽ የሚታይ ሰው ታቅፎት የሚሮጠው ዕቃ የቤት አይስክሬም መሥሪያ ነበር፤ በ1999ኙ «ስታር ዋርስ» ፊልም ጄዳይ የተባለው ተዋጊ የያዘው መነጋገሪያ የተቀረጸው ከሴቶች መላጫ እጀታ ነው። ተመልካች ለዓመታት አላወቀም፤ ሲያውቅም አልተቆጣም፤ ይልቁንም ወደደው። ያው አይስክሬም መሥሪያ በ2019 በወጣው «ማንዳሎሪያን» የተባለ የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ውስጥ የከበረ ብረት መያዣ ካዝና ሆኖ ተመልሷል።

ካሜራው የሚጨምረው

ጥሩ ሞዴል በመጥፎ ካሜራ አሻንጉሊት ይሆናል። የመጀመሪያው ችግር ጥራት ነው። ካሜራ ወደ ትንሽ ነገር ሲቀርብ የፊቱ ጠርቶ የኋላው ይደበዝዛል፤ ይህ ድብዘዛ ትንሽነትን ያጋልጣል። ማስተካከያው የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ ረዘም ያለ ጊዜ መጋለጥ አለበት። የዳይክስትራ ቡድን ለዚህ «ዳይክስትራፍሌክስ» የተባለ በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ካሜራ ሠራ። ሞዴሉ ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። ማሽኑ አንዱን እንቅስቃሴ ሳይዛነፍ ደጋግሞ ስለሚፈጽም አንዴ መርከቡን፣ አንዴ መብራቱን፣ አንዴ ሞተሩን ለይቶ መቅረጽና በኋላ ማዋሐድ ተቻለ።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ነገር ሲፈነዳ ወይም ሲወድቅ የሚፈጀው ጊዜ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። በ1 ለ16 የተሠራ ሕንፃ ሲፈርስ ከእውነተኛው በአራት እጥፍ ፈጥኖ መሬት ይደርሳል፤ ዓይንም ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ ካሜራው በሴኮንድ በ24 ምስል ፈንታ በ96 ይቀርጻል፤ ሲታይ በተለመደው 24 ይሄዳል። አራት እጥፍ የዘገየው ፍርስራሽ እውነተኛውን ክብደት ይመልሳል።

ሞዴሉ ዛሬ

ኮምፒውተር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሥራውን እየወሰደ ሄደ። በ2006 ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የሞዴል ክፍሉን ለይቶ ሌላ ኩባንያ እንዲሆን ለቀቀው። ይሁን እንጂ ጥበቡ አልሞተም። የ2014ቱ «ኢንተርስቴላር» ዋና መንኮራኩሮቹን በትልልቅ ሞዴሎች ቀርጿል፤ ለ«ማንዳሎሪያን»ም ጆን ጉድሰን የዋናውን ገጸ ባሕርይ መርከብ እውነተኛ ሞዴል ሠርቷል። በኮምፒውተር መርከብ የሚነድፉ ሰዎችም የታንክና የሞተር ቅርጾችን በፋይል ሰብስበው ከዚያ እየለቀሙ ይገጣጥማሉ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ዘዴው ያው ነው።

የድሮዎቹ ሞዴሎች ዋጋም ዘመኑ ምን ያህል እንደሚያከብራቸው ይናገራል። ግሬግ ጃይን የ1977ቱን «ክሎዝ ኢንካውንተርስ» እናት መርከብ የሠራ ሰው ነው፤ ያ ሞዴል ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል፤ ቀረብ ብሎ ላየው በገጹ ላይ የፖስታ ሣጥን፣ የፎልክስቫገን አውቶቡስና «አርቱ ዲቱ» የተባለው ሮቦት ተደብቀዋል። ጃይን በ2022 ሲያርፍ ሰብስቧቸው ከነበሩት ዕቃዎች መሐል የ1977ቱ «ስታር ዋርስ» አንድ ተዋጊ መንኮራኩር ሞዴል በካርቶን ውስጥ ተገኘ። በ2023 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በአንድ ወቅት በጥቂት ዶላር ይሸጡ ከነበሩ የመጫወቻ ኪቶች በወጣ ቁርጥራጭ የተሸፈነ ዕቃ ነው።

ይህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በአማርኛም ወደ ሲኒማ ገብቷል። በ2015 የወጣው «ክራምብስ» የተሰኘው ፊልም በኢትዮጵያ የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ዓለም ካለፈች በኋላ በሰማይ ላይ ቆማ የቀረች መንኮራኩር አለች፤ በምድር ያሉት ሰዎች ደግሞ የቀድሞውን ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ከበረ ቅርስ ይይዟቸዋል። የዳሎል ምድር ለታሪኩ የሌላ ዓለም መልክ ሰጥቶታል።

ለጀማሪ

ይህን ሥራ ለመጀመር የውጭ ኪት አያስፈልግም። የተበላሸ ፕሪንተር፣ ኪቦርድ፣ ሪሞት፣ የሞባይል ቻርጀር፣ ሬዲዮ፣ ሲከፈቱ ጥርስ፣ ፍርግርግ፣ ክፈፍና ማጠፊያ የሞላባቸው ናቸው። በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ፣ ወይም በሰፈሩ የሚያልፈው ቁራሌው ከሚይዘው ጆንያ ውስጥ፣ ለአንድ መርከብ የሚበቃ ቅርጽ አይጠፋም። ሲመርጡ ስለ ዕቃው ስም ሳይሆን ስለ ቅርጹ ያስቡ። «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «ይህ ምን ሊሠራ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የፕላስቲኩን ዓይነት መለየት ብዙ ድካም ያድናል። በብዙ ዕቃ ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 6 ፖሊስታይሪን ነው፤ የሲዲ ሽፋንም ከዚሁ ይሠራል፤ በደንብ ይጣበቃል፣ በደንብም ይሞረዳል። 2 እና 5 የሃይላንድ ክዳንን የመሰሉ ሰም መሰል ፕላስቲኮች ናቸው፤ ሱፐር ግሉም ቀለምም በቀላሉ አይዝባቸውም። እነዚህን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ፣ በሽቦ ወይም በብሎን ማሰር ይሻላል። የሚረጭ ቀለም ስታይሮፎምን ስለሚያቀልጥ መጀመሪያ በውሃ ማጣበቂያ መሸፈን ያስፈልጋል።

ጥንቃቄውም የሥራው አካል ነው። ማይክሮዌቭና የድሮ ቴሌቪዥን ከተነቀሉ በኋላም ገዳይ ኤሌክትሪክ ሊይዙ ይችላሉና አይከፈቱ። ያበጠ ባትሪ አይነካ። ማጣበቂያና ቀለም መስኮት ተከፍቶ፣ ሬዚን ሲሞረድ ደግሞ በውሃ እየረጠበና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሠራ።

የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ይሁን፤ በእጅ መዳፍ የምትያዝ አንዲት የጭነት መንኮራኩር። ከሩቅ የሚታየውን ቅርጽ በቅድሚያ ይወስኑ። ሞተሯ የት እንዳለ፣ ጭነቱ የት እንደሚገባ፣ አብራሪው በየት እንደሚያይ ለራስዎ ይመልሱ። ከዚያ ያለዎትን ቁርጥራጭ ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። አንድ ወጥ ግራጫ ይቀቡና ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ያሳዩ። ቁራጮቹ ከምን እንደመጡ መለየት ካልቻለና መርከቧ ምን እንደምትሠራ ከጠየቀ ሥራው ተሳክቷል።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ከእርሱ ጋር ይሥሩ። አንድን ማሽን ፈትቶ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዲህ እንደተቀረጸ የሚጠይቅ ልጅ ምህንድስናን ጀምሯል። የፈታውን በአዲስ ሐሳብ መልሶ የሚያቆም ደግሞ ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት ተሻግሯል። ስለዚህ የተበላሸውን ሬዲዮ ከመጣልዎ በፊት አንድ ጊዜ ይክፈቱት።